ከ«ተዘጋጅ» በኋላ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ደሞዝ፤

ደብዳቤህን አምባቸው አመጣልኝ። አውቶቡሱን መናኸሪያ ሳያስገባ በመስኮት እየዘረጋልኝ «እትዬ ሰገነት፣ ይህ ልጅ ስልክ የለውም እንዴ? እኔን ፖስታ ቤት አደረጋችሁኝ እኮ» አለኝ። ስልክማ አለህ፤ ጆሮ ያጣሁት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት የቆመ ሰው የሚለውን ከከንፈሩ እለቅመዋለሁ፤ የገዛህልኝን ስልክ ሳስጠጋው ግን ድምፅህ እንደሚፈላ ውሃ ነው የሚሆንብኝ። በጽሑፍ ላኪ ያልኸኝንም ሞክሬዋለሁ። ጣቴ ሁለት ፊደል ባንዴ እየነካ «ደህና ነኝ» ያልሁት ምን ሆኖ እንደደረሰህ እግዜር ይወቀው። ወረቀት ይሻለኛል።

አሠልጣኝህ «ይህን አነሳስ ማን አስተማረህ?» ማለቱን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። «አክስቴ ናት፣ የኮሌጅ የስፖርት ዕቃ ክፍል ጠባቂ» ብትለው ሳቀ አልህ። ይሳቅ፣ አልፈርድበትም። እንዴት እንደ ሆነ ጽፋ ትላክልኝ ካለ ግን ይኸው።

እኔ ሩጫ የተማርሁት ከመጠቅለያ ነው። አሎሎዎቹ በመጡበት ሣጥን ውስጥ እያንዳንዱ ብረት በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። ወረቀቱ ስለ አጭር ሩጫ አሠለጣጠን በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ የተገነጣጠለ። ድንጋይ ጭኜ አቃናሁትና ገጹን በገጽ አገጣጠምሁት። እግር የት እንደሚያርፍ፣ ጣት እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ወገብ ምን ያህል እንደሚነሳ፣ ሁሉንም ያገኘሁት ከዚያ ነው። አንዱ ገጽ ብቻ «ከ‹ተዘጋጅ› በኋላ አስነሺው» ይልና ከዚያ በታች ያለውን አይጥ በልቶታል።

የጎደለውን ራሴ ሞላሁት። አስነሺ የሚተኩሰው ሽጉጥ ስላልነበረን ሁለት የዋንዛ ጣውላ ነበር የማጋጨው፤ ታስታውሳለህ። ድምፁን ባልሰማውም እጄ ላይ ይነዝረኛል። «ተዘጋጅ» ካልሁህ በኋላ ግን በልቤ ምን እል እንደ ነበር ነግሬህ አላውቅም። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» እልና «አሜን» ላይ አጋጨዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልፈጠነም፣ አልዘገየም። ለአሠልጣኝህ ይህንንም ጨምረህ ንገረው።

ሰሞኑን ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ የሜዳውን ሦስተኛ መስመር ረግጦታል። ዘበኛው «ደሞዝን የሚተካው መጣ» እያለ ይቀልድብኛል።

አክስትህ ሰገነት


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ረጅም ርቀት የሚሮጡት ምን ይሉሃል ላልሽኝ፣ የሚሉኝን ሁሉ ብጽፈው ወረቀቱ ያፍራል። አኒስ የሚባል የወረታ ልጅ አንድ ክፍል ደርሶናል፤ አሥር ሺህ ነው የሚሮጠው። «እናንተ እኮ ሯጮች አይደላችሁም፣ አውቶቡስ ያመለጣችሁ ሰዎች ናችሁ» ይለኛል። «አንተስ?» አልሁት። «እኔ ደርሼበት ለሾፌሩ ሰላም ብዬ አልፈዋለሁ» አለ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ነው፣ «ተዘጋጅ» የሚለውን «ሴት» ይሉታል። ሰውዬው «ሴት» ብሎ ሲጮኽ ስምንት ወንድ ባንዴ ወገቡን ያነሳል። የመጀመሪያው ቀን የት አለች ብዬ ዞር አልሁ። ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝ፣ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ተቆጡኝ።

ማጣሪያውን አሸንፌያለሁ፣ በሰፊው። የሚያስነሱን ሽማግሌ ቆይታቸው ልክ እንዳንቺ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜም እነሳለሁ። አሠልጣኙ ለሌሎቹ «ይህ ልጅ ተኩሱን አይሰማም፣ ያሸተዋል» አላቸው። ጸሎቱን ስነግረው ግን አላመነኝም።

በየካቲት ለአህጉሩ ሻምፒዮና እሄዳለሁ። በመቶ ሜትር የተመረጥሁት እኔ ብቻ ነኝ። አሠልጣኙ በግልጽ ነው የነገረኝ፤ «አንደኛውን ዙር ካለፍህ ክለቡ ይይዝሃል። ካላለፍህ ይህን የአጭር ሩጫ ነገር መዝጋታቸው ነው፣ እኔም ልከራከርልህ አልችልም» አለኝ። ስለዚህ አንድ ሩጫ አለኝ። አሥር ሰከንድ ምናምን ነው፤ ይህን ደብዳቤ አጥፈሽ እስክትከቺው ድረስ ያልቃል።

ቀኑን ለእናቴ አትንገሪያት።

ደሞዝሽ


ባሕር ዳር፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

አልነገርኋትም። ባለፈው ቅዳሜ ዱርቤቴ ሄጄ አብሬያት ዋልሁ። «መቼ ነው የሚሮጠው?» ብላ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ አልሰማሁም ብዬ አለፍሁት። ጆሮ አለመስማት አንዳንዴ ይጠቅማል። ብታውቅ ሳምንቱን ሙሉ እህል አትቀምስም።

የጠየቅኸኝን ግን ሳስብበት ቆየሁ። «እዚያ ባዕድ አገር፣ የማላውቀው ሕዝብ ፊት ስንበረከክ ማንን ላስብ?» አልህ። እንዲህ አድርግ። ሕዝቡን አትየው፤ እኔም ሕዝብ ስለማልሰማ እንዴት እንደሚኖር አውቀዋለሁ። ጣትህን መስመሩ ላይ ስትዘረጋ እዚህ ከሐይቁ ዳር እንዳለህ ቁጠረው። ሰውዬው «ሴት» ሲል እኔ በስተቀኝህ ጣውላዬን አንስቼ ቆሜአለሁ። ከዚያ በኋላ የማታውቀው ነገር የለም። «አሜን» ላይ ተነስ።

የትም ብትሆን ከኔ እጅ አትወጣም።

ሰገነት


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደሞዝ፤

ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። አምባቸው ሁለቱን በእጅህ እንደሰጠህ ምሎልኛል። «ልጁስ ምን አለ?» ብለው «ተቀበለኝና ጫማውን አየ» አለኝ። ሌላ የጨመረው የለም።

በመሥሪያ ቤቱ ክበብ ቴሌቪዥን ተከፍቶልን ነበር፤ የሚያሳዩት ግን ረጅሙን ሩጫ ብቻ ሆነ። አዲሱ የስፖርት መምህር ጌትነት በስልኩ ፈልጎ ስምህን አገኘልኝ። የእንግሊዝኛ ፊደል ባላውቅም ስምህን በጣቱ አሳየኝ። ከሌሎቹ ስም ፊት ሰዓት ተጽፏል። ካንተ ፊት ቁጥር የለም፤ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ምን ማለት ነው ስለው ከንፈሩን እንዳላነበው ወደ መስኮቱ ዞሮ መለሰልኝ። ጎትቼ አዞርሁት። «አልተቆጠረለትም ማለት ነው፣ እትዬ» አለኝ።

ሮጦ ሳለ ሰው እንዴት አይቆጠርለትም? ወድቀህ ነው? ታመህ ነው? እናትህ በየገበያው ቀን ሰው ትልክብኛለች፣ ምን እንደምላት አላውቅም። ሁለት መስመር ጻፍልኝ። ደህና ነኝ ብትል እንኳ ይበቃኛል።

ሰገነት


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ሦስቱም ደርሰውኛል። ይቅር በይኝ። አልወደቅሁም፣ አልታመምሁም። ሁለቱ ፊደል ከውድድር ውጭ ሆኗል ማለት ነው። ሳይተኮስ ተነሳሁ፣ ቀይ ካርድ አሳዩኝ። ለእናቴ እግሩን አሞት ነው በያት።

ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ያለሁበትን ለጠየቅሽው፣ ገና ክለቡ ውስጥ ነኝ። አሠልጣኙ ለምኖልኝ እስከ ግንቦት ታገሡኝ፤ ግንቦት ላይ አንድ ማጣሪያ አለ፣ እሱ የመጨረሻዬ ነው። ነገር ግን ልምምድ ላይም እየደገመኝ ነው። ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው ሌላ ሰው ነው የሚያስነሳን። ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ሳይተኩስ እነሳበታለሁ። አሠልጣኙ ፍርሃት ነው ይላል። ልጆቹም «ሽጉጡን የሚተኩስለት ጥላው ነው» ይሉኝ ጀምረዋል። አኒስ እንኳ መቀለዱን ትቷል፣ እሱ ነው የከፋኝ።

የፈራሁ አይመስለኝም ነበር። ግን ፈሪ ፍርሃቱን በራሱ አያውቅም ይላሉ።

ደሞዝ


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አሁን ሳላነበው እልከዋለሁ።

ስለ ልምምድህ የጻፍኸውን ለጌትነት አሳየሁት። አነበበና «ማን ነበር የሚያስነሳው?» አለኝ። እኔ አልሁት። እንዴት እንደ ሆነ አሳዪኝ ሲለኝ ጣውላውን አምጥቼ ሜዳው ላይ አሳየሁት፤ አምስት ጊዜ። ሰዓቱን ይዞ ይለካ ነበር። በአምስተኛው «አምስቱም እኩል ነው» ብሎ ሰዓቱን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ከቤቱ አንድ መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። የኔው መጽሐፍ ነው፤ ሙሉው፣ ልባስ ያለው። ገጹን ገልጦ ሰጠኝ። እንዲህ ይላል፤

«ከ‹ተዘጋጅ› በኋላ አስነሺው፣ ሯጮቹ ጊዜውን እንዳይለምዱት፣ የቆይታውን መጠን በየጊዜው እየለዋወጠ ይተኩሳል።»

አይጥ የበላው ይህን ነው።

አንተ አልፈራህም። ተኩስ መስማት አላስተማርሁህም፤ ያስተማርሁህ የኔን ጸሎት ነው። ስድስት ዓመት እኩል ነኝ እያልሁ ስኮራ ነበር፣ ያበላሸሁህ ግን እሱው እኩልነቴ ነው። እዚያ ያለው ሰውዬ ከኔ «አሜን» በላይ ሲቆይብህ ምን ታደርግ? ከመሄድህ በፊትም እንዲያ ብለህ ተነስ ብዬ የጻፍሁልህ እኔ ነኝ።

ይህን ወረቀት ለአሠልጣኝህ አሳየው። ፈሪ እንዳይልህ። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በእጄ ጽፌልሃለሁ፣ ስሜንም ከነአባቴ አስቀምጫለሁ።

ሰገነት ተገኘ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሰገነት፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የላኩልኝ ደብዳቤ፣ አስከትለው የጻፉትም፣ ደርሶኛል።

አውቀኸው ነበር ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ አውቄው ነበር። እዚያው ሜዳ ላይ ቀይ ካርዱን ሳይ ነው የገባኝ። ያልጻፍሁልዎ እርስዎ ባያውቁት ይሻላል ብዬ ነው። ፈሪ መባሉን ልችለው አስቤ ነበር። አሁን ግን አወቁት።

ወረቀቱን ለአሠልጣኙ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። «መልካም፣ እንግዲህ እናስረሳዋለን» አለ። በየቀኑ ሠላሳ ጊዜ እየለዋወጠ ይተኩስልኛል። አንዳንዴ እስክጠወልግ ያቆየኛል፤ አንዳንዴ ወገቤን ሳላነሳ ይተኩሳል። «በልብህ ሌላ ነገር ቁጠር» አለኝ፣ የጣናን ደሴቶች ቆጠርሁ። ልቤ ደሴት ሲቆጥር እግሬ የእርስዎን ይቆጥራል። የሚጸልየው እግሬ ነው፣ ምን ላድርገው?

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ አስቀደስሁ። ካህኑ «በስመ አብ» ሲሉ ባቴ ተወጠረ። ሰዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፣ እኔ ደግሞ ልሮጥ ነው። ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልሄድሁም።

ማጣሪያው ግንቦት 17 ነው። እመጣለሁ ያሉትን እባክዎ ይተዉት። ከመስመሩ አጠገብ እርስዎን ካየሁ ያችኑ የቀረችኝን ዕድል አጣታለሁ።

አክባሪዎ ደሞዝ


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ደሞዝ፤

አልመጣም።

እርስዎ ብለህ ጻፍህልኝ። ሌላ ሰው ቢያነበው እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ አሳደገች ይላል። ከዱርቤቴ መጥተህ እቤቴ ስትገባ እናትህ «እትዬ» ስትለኝ ሰምተህ እትዬ አልኸኝ፣ በማግሥቱም «አንቺ እትዬ፣ ራበኝ» አልህ። ጎረቤት ሲቆጣህ ተዉት ያልሁ እኔ ነኝ። ለኮሌጁ ዲን እርስዎ፣ ለቄሱ እርስዎ፣ ለእኔ አንቺ ነበር።

ብትሰድበኝ እችለው ነበር። ስድብ መልስ አለው። ለ«እርስዎ» ግን ምን ብዬ እመልሳለሁ? ወንበር ስበህልኝ በር ላይ እንዳስቀመጥኸኝ ሆኖ ተሰማኝ።

አልቆጣህም። ደስ ባለህ ጥራኝ። ብቻ ቅዳሴውን ስለ እኔ ብለህ አትተው።

ሰገነት


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

እንዴት ሆነ ብለሽ አምባቸውን ሁለት ጊዜ ላክሽው። ይኸው፤ የሆነ ነገር የለም። ማጣሪያውን አልሮጥሁም። ሳሟሙቅ ጅማቴ ተሳበ፣ በቃሬዛ አወጡኝ። መስመሩ ላይ እንኳ አልደረስሁም። ስለዚህ አንቺ የምታስቢው ነገር አልሆነም፤ ሳስበው ጨርሼ ረስቼውም ነበር፣ ልምምድ ላይ የመጨረሻዋን ሳምንት አንድ ጊዜም አልደገመኝም። ጅማት ነው። በማንም ይደርሳል። ለእናቴም እንዲህ በያት።

ክለቡ በሰላም አሰናብቶኛል። አኒስ ቆላ ድባ የእህል መጋዘን ያለው አጎት አለው። ሚዛን ላይ የሚቆም ሰው ይፈልጋል አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ። በባሕር ዳር ሳልፍ ወርጄ እንዳልስምሽ ደረጃ መውጣትና መውረድ ከልክለውኛል፤ ከአውቶቡሱ አልወርድም። እንዳይከፋሽ።

ሩጫው አልናፈቀኝም። አንቺም እንዳይናፍቅሽ።

ያንቺው ደሞዝ


ባሕር ዳር፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደሞዝ፤

ይህን ወረቀት ለአምባቸው አልሰጠውም።

አልመጣም ብዬህ መጣሁ። በኮሌጁ ለዱርቤቴ ለቅሶ ብዬ ፈቃድ ወሰድሁ። ከስታዲየሙ አጥር ጋር፣ ከመነሻው በስተኋላ፣ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ቆምሁ። ፊትህን አላየሁም፤ ጀርባህን ነው። ከስተሃል።

ስትንበረከክ አልቆጥርም ብዬ ምላሴን ነከስሁ። አስነሺው ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ስምንት ወገብ ባንዴ ሲነሳ ግን አየሁ። ምላሴን ይዤው ሳለ ልቤ ለብቻው ጀመረ። ላቆመው አልቻልሁም። «አሜን» ስል ተነሳህ።

እንዴት ያለ አነሳስ ነበር። እንደዚያ ስትነሳ እዚህም አይቼህ አላውቅም። ሽጉጡን አልሰማም፣ ባለመስማቴ ተተኩሷል ብዬ ነው። ሆነለት ብዬ እጆቼን አነሳሁ፣ እልልም ሳልል አልቀረሁም። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዞራ አየችኝ። ፊቷን ሳይ ወደ መነሻው ተመለከትሁ። ሰባቱ እንደ ጎነበሱ ነበሩ።

አንተ አልቆምህም። ሰዎቹ እጃቸውን ሲያወናጭፉ፣ አሠልጣኝህ ራሱን ሲይዝ፣ ብቻህን መቶውን ጨረስህ። ከዚያም ሳትዞር በዚያኛው በር ወጣህ። ጅማትህ ምንም አልሆነ።

ቤቴ ገብቼ ሁለት ቀን ሥራ አልሄድሁም። ደብዳቤህ ሲመጣ አንቺ ብለህ ተመልሰህልኛል። ሰው ሊዋሽ ሲል እንዴት ይቀርባል። የማርኸኝ በዚያው በውሸት ጅማት ነው፣ እኔም ካንተ ሌላ የምሰማው የለኝምና ወሰድሁት። ያየሁህ መሆኔን ብነግርህ እንደገና «እርስዎ» እሆናለሁ።


ባሕር ዳር፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ደሞዝ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። በጅማት መሆኑን ስሰማ እፎይ አልሁ፤ ሌላ ነገር ፈርቼ ነበር። ለእናትህም እንደዚያው ነገርኋት፤ አልቅሳ ስታበቃ «እንኳን እግሩ አልተሰበረ» አለች።

ቆላ ድባ መልካም ነው፣ እህል የሚመዝን ሰው አይራብም። በባሕር ዳር ስታልፍ እንዳትወርድ። እኔም ያን ቀን መናኸሪያ አልመጣም፤ ሥራ ይበዛብኛል።

እግርህን ወጌሻ እንዲነካብህ አትፍቀድ። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃ ጨው ጨምረህ ንከረው። ከዚያ የኑግ ዘይት አሙቀህ ከታች ወደ ላይ እሸው፣ በጨርቅም ጠቅልለው። ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ አድርጌ ለአምባቸው ሰጥቼዋለሁ። አውቶቡስ ውስጥ እግርህን ዘርግተህ ተቀመጥ፣ ቦታ ከፊት እንዲይዝልህም ነግሬዋለሁ። በየትኛው መስኮት በኩል እንደሚይዝልህ እንድነግረው ብቻ አንድ ነገር ጻፍልኝ፤ የታመመው ቀኝህ ነው ወይስ ግራህ?

አክስትህ ሰገነት